የኮልዮ ሐውልት

በቡልጋሪያ፣ በሮዶፒ ተራሮች ሥር ባለችው ከተማ የመቃብር ድንጋይ የሚጠርበው ስታመን ብቻ ነበር። እጁ ወርቅ ነው፤ ችግሩ ዓይኑ ነው። ድንጋዩን አለስልሶ፣ ፊደሉን ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ ትንሽ እንከን ካየ በመዶሻ ያደቅቀውና እንደገና ይጀምራል። የከተማው ሰው «መሞት ካሰብክ ለስታመን ቀደም ብለህ ንገረው» ይባባላል። እሱ ግን አይስቅም። «ድንጋይ ላይ የተሳሳተ ለዘላለም ተሳሳተ» ይላል። ሚስቱ ዝላትካ የግቢውን መተላለፊያ በስብርባሪው አንጥፋ ጨርሳለች።

የአውቶቡስ ሾፌሩ ኮልዮ ሲሞት ባለቤቱ እትዬ ዶብሪንካ ሐውልት አዘዙ። የመጀመሪያው ተሰበረ። ሁለተኛውም። መቃብሩ ላይ የቆመው የእንጨት መስቀል በዝናብ ጠቁሮ መዝመም ሲጀምር፣ አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ሦስተኛው ድንጋይ አልቆ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ስታመን መዶሻውን አንስቷል።

እትዬ ዶብሪንካ ሄደው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ይነሡ እንጂ!»

«አልነሣም። ምን ሆነና ነው?»

«የስሙ መጨረሻ ፊደል ጫፏ ተሸርፏል።»

«የታለ?»

«ተቀምጠውበታል።»

«እንግዲያው አይታይም።»

«ስሜ ይጠፋል እኮ፣ እትዬ!»

«ስማ ልጄ፤ ኮልዮ ሲያንኮራፋ ጎረቤት ይቀሰቅስ ነበር። አውቶቡሱን ወንዝ ውስጥ ከቷል። በሠርጋችን ቀን እኔ መስላው እህቴን ስሟል። ያንን ሰውዬ ዕድሜ ልኬን አልሰበርኩትም፤ አንተ ለአንዲት ሽራፊ መዶሻ ታነሣለህ?»

ዝላትካ የባቄላ ሾርባ አመጣችላቸው። እዚያው ተቀምጠው ጠጡ፤ የወንድማቸው ልጅ የጭነት መኪናውን ይዞ እስኪመጣም አልተነሡም።

ስታመን የድንጋይ ሙጫ ኪሱ ውስጥ ከቶ ወደ መቃብሩ ቦታ ተከተላቸው። ሰው ሲበተን ሹልክ ብሎ ሽራፊዋን ሊደፍናት ነው። ሰው ግን አልበተን አለ። ቄሱ ጸለዩ፤ የኮልዮ የሥራ ባልደረቦች ተራ በተራ ድንጋዩን ዳሰሱ። አንዱ ሾፌር ግንባሩን አስደግፎ «ኮልዮ፣ ገና ዛሬ ቤት ገባህ» ብሎ አለቀሰ። ስለ ፊደሏ የጠየቀ የለም።

እትዬ ዶብሪንካ ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ ዘግነው «እንካ፣ ለነፍሱ» አሉት። በሁለት እጁ ለመቀበል ኪሱ ውስጥ የጨበጠውን ሙጫ መልቀቅ ነበረበት። ንፍሮውን እየቃመ ሽራፊዋን አያት። እዚያው ናት። ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ቀለል አለው፤ ንፍሮው ወርዶ እንደሆነም አላወቀም።

በቀጣዩ ሳምንት የሌላ ሟች ሐውልት ላይ የአንዲት ፊደል እግር ዘመመችበት። የሟቹን ልጅ ጠርቶ በጣቱ አሳየው።

«የቱ ጋ?» አለ ልጁ።

እንደገና አሳየው።

«አልታየኝም። በል ጫንልኝ።»

ስታመን ጫነለት። «ሰውየው ዓይን የለውም» ብሎ ለዝላትካ ሲያማርር ዋለ። ምሳውን ግን ጠግቦ በላ፤ ጭማሪም ጠየቀ።