የገንዳው በር

እናት አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱም በሰፈሩም ግን «ቀንሱ» ነው የሚባለው። በአንድ ትምህርት ቤት ግዥ ክፍል ሲሠራ ጸጉሩ ሸበተ። ጠመኔም ይሁን ወንበር፣ ዋጋ ሲነገረው ከአፉ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ቀንሱ» ነው። ነጋዴዎቹ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ዋጋ ጨምረው ይጠብቁታል ይባላል፤ ተከራክሮ ሲያስቀንስ ድሮ በነበረበት እንዲያርፍ። ይህን ወሬ ሰምቷል፤ አላመነም።

ቤቱንም ጉሮሮ ለጉሮሮ ተናንቆ ነው የገዛው። ጓሮው ውስጥ ያለውን የመዋኛ ገንዳ «በምርቃት አገኘሁት» እያለ ሲኩራራበት ኖረ። ሚስቱን ጉልበቷን ሲያማት ሐኪም ዋኚ አላትና ገንዳው ለቁም ነገር ዋለ። ከዚያ እናቱ አብራቸው ልትኖር መጣች።

እናቱ መርሳት ጀምራለች። መጀመሪያ መነጽርና ቁልፍ ነበር፣ ኋላ ሰው መርሳት አመጣች። አንድ ማታ ከሥራ ሲገባ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ስትለው በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። የወለደች እናት ልጇን አንቱ ስትል መስማት አንጀት ይበላል። ቀንሱ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ አለቀሰ። በማግስቱ «አንተ፣ ጫማህን አታወልቅም?» ብላ ስትቆጣው ደግሞ የሚሆነውን አጣ።

እጆቿ ግን ምንም አልረሱም። ቀኑን ሙሉ ስትጠርግና ስታነሳ ትውላለች፤ ያለ ቦታው የተቀመጠ ነገር ካየች ወደ ቦታው ሳትመልስ አታልፍም። አንድ ጠዋት የልጇን ሸሚዝ ይዛ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስታጥብ ተገኘች። ሸሚዙ አምልጧት ወደ ውኃው ስታዘነብል ነው ሚስቱ ደርሳ ወገቧን ይዛ የሳበቻት።

«ሳይቃጠል በቅጠል» አለች ሚስቱ። «ውኃውን እናፍስሰው።»

«ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ብትወድቅስ?»

«እንግዲያው እኛ ስንወጣ ክፍሏን እንቆልፍ።»

«እናቴ ላይ በር አልዘጋም!» አለ ቀንሱ። «የምንዘጋው ገንዳውን ነው።»

የአሉሚኒየም ሠራተኛ ተጠርቶ መጣ። ለካና ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ዘረዘረ፤ ግድግዳውም ጣሪያውም መስታወት፣ የሚከፈቱ የጣሪያ መስኮቶች፣ ራሱን የሚዘጋ በር። ድምሩን ሲሰማ ቀንሱን ላብ አጠመቀው። የጣሪያ መስኮቶቹ ወዲያው ተሰረዙ። መስታወቱ ላይ ሲደርሱ ግን እንግዳ ነገር ሆነ። «እሱን አትንካው» አለ ቀንሱ። «በመዶሻ ቢመቱት የማይሰበረው ይሁን። እጇን ቢቆርጣትስ?» በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በተጠየቀው ዋጋ ተስማማ። ሚስቱ ይህን አይታ ለእናቱ ያለውን ፍቅር ተረዳች፤ እሱ ግን እዚያ የወጣውን ሌላ ቦታ ማካካስ ነበረበት።

«መቆለፊያው ሁለት ዓይነት ነው ጋሼ» አለ ሠራተኛው። «አንዱ ከውጭ በቁልፍ፣ ከውስጥ በእጀታ ይከፈታል። ሌላው በሩ ሲዘጋ ራሱ ይቆለፍና ከውጭ በቁልፍ ብቻ ነው የሚከፈተው። እሱ ረከስ ይላል።»

«ረከስ ያለውን አድርገው።»

«ከውስጥ ግን አይከፈትም።»

«ከውስጥ ማን ይከፍተዋል? የምንሠራው እንዳትገባ ነው እንጂ እንዳትወጣ አይደለም!» ብሎ ሳቀ። ሠራተኛውም አብሮት ሳቀ።

ሚስቱ አልሳቀችም። «እኔ ስዋኝ ቢዘጋብኝስ?»

«በድንጋይ ታስደግፊዋለሽ። የተረፈው ለመድኃኒቷ ይሆናል።» ይህን ከልቡ ነው ያለው። የእናቱ መድኃኒት ዋጋ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶታል።

ተሠርቶ አለቀ። በሩ ሲዘጋ «ቀጭ» ይላል፤ ሚስቱ ያንን ድምፅ አልወደደችውም። እናቱ ከውጭ መዳፎቿን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ውኃውን ስታይ ትቆያለች፣ ከዚያ ትታው ትሄዳለች። ቀንሱ ለበሩ መደገፊያ የሚሆን ድንጋይ ከአበባው መደብ ጠርዝ ላይ አነሳ፤ በነጻ።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ እህቷ ዘንድ ሄደች፤ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። እናቱ ምሳ በልታ ጋደም ብላለች። ቀንሱ የውኃ ማጣሪያውን ላጽዳ ብሎ፣ ስልኩን ሳሎን ትቶ፣ ቁልፉን መቆለፊያው ላይ እንደተሰካ ተወና በሩን በድንጋዩ አስደግፎ ገባ። ጎንበስ ብሎ የማጣሪያውን ክዳን ሲፈታ ከኋላው የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማ። ሲዞር እናቱ ድንጋዩን አንስታለች።

«እማዬ፣ ተይው!»

ቀጭ።

ድንጋዩን ታቅፋ ሄደች፣ አበባው መደብ ላይ ከጓደኞቹ መሀል መለሰችው፣ እጇን አራገፈች። ቀንሱ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ በሩን በትከሻው ገፋ። ከዚያ የማጣሪያውን ክዳን አንስቶ መስታወቱን ደጋግሞ መታው። አልተጫረም እንኳ፤ ለከፈለበት ዋጋ ታማኝ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ መስኮት የሌለው ጣሪያ ሙቀቱን ይዞ ቁልቁል ይለቀዋል፣ ክሎሪኑ ዓይኑንና ጉሮሮውን ያቃጥለው ጀመር። ጮኸ። የራሱ ጩኸት ተመልሶ ጆሮው ውስጥ ገባ። አሁን ፈራ።

እናቱ ጩኸቱን ሰምታ ተመልሳ መጣች። ተንበርክኮ በበሩና በወለሉ መሀል ባለችው ቀጭን ክፍተት ለመናት። «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅሽ። ቁልፉ ይኸው ፊትሽ ነው። አዙሪው፣ እማዬ!»

ቁልፉን አየችው። ነካችው። «አዎ፣ እሱን!» አለ። እሷ ግን ነቀለችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ እንዳይጠፋ ብላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በመስታወቱ አሻግራ ፊቱን አየችና እንደ ጨዋ ሰው ፈገግ አለች።

«አይዞዎት ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሡ» አለችው። «ልጄ ሲመጣ ይከፍትልዎታል።»

ወንበር ስባ፣ ፊቷን ወደ ግቢው በር አዙራ፣ ልጇን ልትጠብቅ ተቀመጠች።