ለእናቴ የፈጠርኩላት አባት

ሠላሳ ዓመት በሞላኝ ሰሞን ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ የጭነት ሰነድ እሞላ ነበር። ከሰዓት በኋላዬን ግን የሚወስደው የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር። ይህን ለሰው ለመናገር ብዙ ዓመት አፍሬያለሁ። በመጫወቴ አይደለም ያፈርኩት፤ ትልቅ ሰው ጌም ቢጫወት ዛሬ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ያፈርኩት ጨዋታውን ይዤ በሠራሁት ሥራ ነው።

ከእናቴ ጋር አርሂባ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ነበረን። አባቴ ከአዲስ አበባ ጭነት እያመላለሰ የሚኖር ሾፌር ነበር፤ አራት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ ወጣና በዚያው ቀረ። እናቴ እኔን ያሳደገችው የፈረንሳይ ወታደሮች ቤተሰቦች ቤት ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች ነው። ጣቶቿን በረኪና በልቷቸዋል፤ ጥፍሮቿ አጥረው፣ የመዳፏ ቆዳ እንደ ደረቀ ሳሙና ተሰነጣጥቆ ቀርቷል። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ከማጠብ አስቀምጫታለሁ። በዚህ እኮራ ነበር፤ ሲያጥብ ያሳደገኝን እጅ አሳረፍኩት እያልኩ።

ጨዋታውን በፍላሽ ያመጣችልኝ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ድሬዳዋ ያደገች ሶማሊ ስለሆነች አማርኛዋ ከኔ ይሻላል፤ የምትኖረው ካርቲየ 2 የሚባል ሰፈር ነው። ጨዋታው ትንንሽ ሰዎች እየፈጠሩ፣ ቤት እየሠሩላቸው፣ እያበሉና እያስተኙ የሚያኖሩበት ነው። መጀመሪያ ላይ አልያዘኝም። የያዘኝ የትውልድ ውድድር የሚባል አጨዋወት እንዳለው ስሰማ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ከአንድ ባልና ሚስት ይጀመራል። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ሴት ከቤት ውጭ አትሠራም። ልጅ ሲወለድ ዳይስ ይጣላል፤ አንድ ከወጣ ያ ልጅ አያድግም። ልጆቹ ባደጉ ቁጥር ዘመኑም ይገፋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ወራሽ ሆኖ ቤቱን ይረከባል፤ ከእሱም ልጆች ሌላው ይረከባል፤ እንዲህ እያለ እስከ ዛሬ ድረስ ይመጣል።

ይህን የሚጫወቱ ሰዎች በፈረንሳይኛ የሚጽፉበት የኢንተርኔት ገጽ ነበር። ብዙዎቹ የራሳቸውን ቤተሰብ ነበር የሚጫወቱት። አንዷ ዓሣ አስጋሪ የነበሩ ቅድመ አያቶቿን፣ ሌላው ዳቦ ጋጋሪ አያቱን፤ ከጨዋታው ሥዕል አጠገብ እውነተኛ ፎቶግራፍ ሁሉ ያስቀምጣሉ። እኔም ጻፍኩ። ቅድመ አያቴ ከአዲስ አበባ የመጣ የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ ነው አልኩ። ልጁ፣ ማለትም አያቴ፣ የአባቱን ሙያ ይዞ ጅቡቲ መሃል ከተማ ባለ ቅስት በረንዳ ነጭ ቤት ሠራ አልኩ። እናቴ ደግሞ እዚያ ቤት ተወልዳ፣ ፈረንሳዮቹ ትምህርት ቤት ተምራ፣ መምህርት ሆነች አልኩ።

እውነቱን አላውቀውም ነበር እንዳልል አውቀዋለሁ። እናቴ አባቷን አታውቀውም። እናቷ ድሬዳዋ ጣቢያ ላይ ለባቡር መንገደኛ ውኃና ማንጎ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ከዚያ በላይ ያለውን የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን ፈረንሳይ አገር ላሉ ለማላውቃቸው ሰዎች ብጽፍ ምን እንደሚቀንሰኝ ዛሬ ሳስበው አይታየኝም። ያኔ ግን ታይቶኝ ነበር።

ሰዎቹ ታሪኬን ወደዱት። አንዲት ጡረታ የወጣች ፈረንሳዊት በየሁለት ቀኑ ትጽፍልኝ ነበር። የቢሮ ጓደኛዬም ገጹን ታነብ ነበርና አንድ ጠዋት፣ "ከእንደዚህ ዓይነት ሰዎች መምጣትሽን አላውቅም ነበር" አለችኝ። የጭነት ማራገፊያ ወረቀት እየተየብኩ ነበር፤ ቀና ሳልል ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ እሺ እንዳልኩ ተቆጠረ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ በር ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ ላፕቶፑን ጣሪያው ላይ ከሚሽከረከረው ቬንቲላተር ሥር አድርጌ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን እናቴ እንቅልፍ እምቢ ብሏት መጣችና ከኋላዬ ቆመች።

"እነማን ናቸው?" አለችኝ።

"የኛ ሰዎች ናቸው፣ እማ።"

ለምን እንዲህ እንዳልኳት እንጃ። ምናልባት ለሰው ሁሉ ያልኩትን ለሷም ማለት ቀሎኝ ይሆናል። ማንበብ ስለማትችል የጻፍኩትን አታውቅም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እናቴስ የታለች?"

ባለ ሰፊ ቆብ፣ ቀሚሷ መሬት የሚጠርግ ሴት አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየቻት።

"እንዲህ ወፍራም አልነበረችም" አለች። "በግራ እግሯም ታነክስ ነበር።"

"አስተካክላታለሁ።"

"ታነክስ ነበር እንጂ ፈጣን ናት። ባቡሩ ሳይቆም ነው ማንጎዋን በመስኮት የምታቀብለው።"

ጨዋታው ሰው እንዲያነክስ አያደርግም። ቢያደርግም አላደርገውም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ መምጣት ጀመረች። ሎሚ የተጨመቀበት ቀዝቃዛ ውኃ ይዛልኝ ትመጣና፣ "ዛሬ ምን እየሠራሁ ነው?" ትለኛለች። መጽሐፍ የያዘችውን ሴት አሳያትና "እያነበብሽ ነው" እላታለሁ። ትስቃለች። "ይሄን ሁሉ አንብቤ ዓይኔ አይታመምም?" ትለኛለች። በሕይወቷ ሙሉ ስለ ልጅነቷ ያልነገረችኝን በእነዚያ ቀናት ትነግረኝ ነበር፤ ስለ ባቡሩ የእህል ፉርጎ፣ እንዴት ሳትታይ ወጥታበት ከድሬዳዋ ወደዚህ እንደመጣች፣ መጀመሪያ ለሥራ ስለገባችበት ቤት። እኔ ግማሹን አልሰማም። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው፤ የሚቀጥለውን ወራሽ መዳር ነበረብኝ።

ለነጩ ቤት ሠራተኛ ቀጥሬለት ነበር። ትልቅ ቤት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት የምትመጣ፣ ጥቁር ቀሚስና ነጭ ሽርጥ የለበሰች ሴት ናት። ሰሃን ታጥባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ልብስ ትሰበስባለች፤ ስትጨርስ በበሩ ትወጣለች። እናቴ ቀስ በቀስ መምህርቷን ትታ እሷን ትከታተል እንደነበር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

"ይቺ የማን ናት?" አለችኝ።

"የማንም አይደለችም። ሠራተኛ ናት።"

"መቼ ነው የምትበላው?"

"አትበላም፣ እማ። ሠራተኞቹ አይበሉም፤ እንደዚህ ነው የተሠራው።"

"ቀኑን ሙሉ?"

"ሰው አይደለችም እኮ።"

እናቴ ብርጭቆውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ተጫወትኩ። ያን ቀን ሦስተኛውን ትውልድ ጨርሼ ፎቶውን ገጹ ላይ እንደለጠፍኩ አስታውሳለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ያዘኝና ከሥራ ቀረሁ። ቢሮ በማይከፈትበት ዓርብ ጠዋት ጓደኛዬ ሐልዋ ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ቤታችን ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እኔ አስቀድሜ እንዳትመጣ በየሰበቡ አስቀርቻት ነበር። እናቴን ጉንጯን ስማ ተቀመጠች። ሁለቱን ክፍሎች በዓይኗ ስትቃኝ አየኋት። ትንሽ እንደቆየች፣ "እማማ፣ ልጅዎ ስለ እርስዎ የጻፈችውን ሁሉ እያነበብኩ ነው" አለች። "አባትዎ የባቡሩ መሐንዲስ ነበሩ አይደል? እርስዎም አስተምረዋል አሉ።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አንሶላውን እስከ አገጬ ስቤ ተኝቼ ነበር። አንድ ቃል፣ "ጨዋታ ነው" የምትል አንዲት ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። አፌን አልከፈትኩም።

"አዎ" አለች እናቴ። "የድሮ ነገር ነው።"

"ምን ነበር የሚያስተምሩት?"

ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "ስፌት" አለች። "ሴቶች ልጆችን ስፌት።"

"እዚሁ?"

"እዚሁ። ፈረንሳዮቹ ጋ።"

"አባትዎስ? ደግ ሰው ነበሩ?"

እናቴ ይህን ጊዜ ወስዳ አሰበችበት። በሕይወቷ አይታው ስለማታውቀው ሰው፣ እኔ ስለፈጠርኩላት አባት፣ ለእንግዳ መልስ እየፈለገች ነበር።

"ሥራ ይበዛበት ነበር" አለች።

ጓደኛዬ ብዙ አልቆየችም። ስትሄድ እናቴን ጨብጣ ተሰናበተቻት። በሩ ሲዘጋ እናቴ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠችና የሐልዋውን ላስቲክ ታጥፍ ጀመር።

"ምን ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?" አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ነጩ ቤት፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ቆቡ። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። እስክትቆጣ ጠበቅኩ፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

"ሌላ ጊዜ ቀድመሽ ንገሪኝ" አለች። "ሰው ፊት ልሳሳትብሽ ነበር።"

ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ያ ቃል ግን አልለቀቀኝም። ስነሳ ላፕቶፑን ከፍቼ ለገጹ ሰዎች እውነቱን ልጽፍ ሞከርኩ። "እናቴ ልብስ አጣቢ ነበረች" ብዬ በፈረንሳይኛ ጻፍኩ። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት፤ እንደገና አጠፋሁት። በመጨረሻ "ኮምፒውተሬ ተበላሽቷል፣ ይቅርታ" ብዬ ጻፍኩና ወጣሁ። ይኸው ደግሞ ሌላ ውሸት። ጡረተኛዋ ፈረንሳዊት አዝና፣ መምህርቷ ምን ላይ እንደደረሰች ለማወቅ እንደምትጓጓ ጽፋልኛለች። መልስ አልሰጠኋትም። ጨዋታውን ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋሁት፤ እናቴም ወንበሯን ስባ የመጣችበት ቀን ከዚያ ወዲያ የለም። ከሰዓት በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፤ ወይም የተኛች ትመስላለች።

ከአንድ ዓመት በኋላ ይሆናል፣ ጓደኛዬ ባሏ ዘንድ ወደ ውጭ አገር ልትሄድ ሆነና አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ልሸኛት ሄድኩ። አውሮፕላኑ ዘግይቶ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር። ስትሄድ መናገር ስለሚቀል ይመስለኛል፣ "ስለ ቤተሰቤ የጻፍኩት እውነት አይደለም" አልኳት። "እናቴ አጣቢ ነበረች።"

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"ስሰናበታቸው እጃቸውን ጨብጬ ነበር እኮ። እናቴም እንደዚያ ዓይነት እጅ ነበራት።" ሻንጣዋን ወደ እግሯ አስጠጋች። "ስወጣ ደጃችሁ ላይ ቆሜ፣ ምነው ያን ሁሉ ባልጠየቅኳቸው ብዬ ነበር። ያንን ሳላውቅ እኮ ነው የጠየቅኩት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ልበልሽ? እሳቸው ለአንቺ ብለው የያዙትን እኔ ላፍርሰው?"

ያን ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስትሠራ ታውቅ ነበር ማለት ነው። እናቴም እንዳፈርኩባት ታውቅ ነበር። ሁለቱ እኔ እንዳላፍር ሲጠነቀቁ፣ እኔ ደግሞ ማንም ያላወቀብኝ መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ እመላለስ ነበር። ከአምቡሊ በሚኒባስ ስመለስ ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን መጋጠም አቅቶኝ ወለሉን እያየሁ መጣሁ።

ያን ቀን ማታ ምንም አላነሳሁም፤ ሌላ ቀን፣ እናቴ ደጃፍ ላይ ጥላው ጋ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማ፣ ስለ እናትሽ ንገሪኝ እስቲ። ስለ ጣቢያው።"

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። "ለኮምፒውተሩ ነው?"

"አይደለም። ለኔ ነው። ያኔ ስትነግሪኝ አልሰማሁሽም።"

"አውቄያለሁ አለመስማትሽን" አለች፤ ያለ ቅሬታ፣ እንዲሁ እንደ ተራ ነገር። ጠጠር አወጣችና ወደ ውጭ ወረወረችው። "ተይው በቃ። አንቺ የጻፍሽው ይሻላል። ነጩ ቤትም ነፋሻ ነበር።"

 ሰፌዱን ከጭኗ ላይ ወስጄ ምስሩን እኔ መልቀም ጀመርኩ። እሷም ተነስታ የታጠበውን ልብስ ከገመዱ ላይ ልታወርድ ሄደች።