በአባያ ውሃ የታጠበው ቢጫ ክር

የተቀቀለ የሽንኩርት ልጣጭ ሽታ ማንም የሚናፍቀው ሽታ አይደለም። ባለፈው ሰሞን ግን ከሱቄ ጀርባ ካለው ምግብ ቤት ድንገት ሲመጣብኝ፣ ለደንበኛ የምቆጥረውን ክር ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ በልጅነቴ በግቢያችን በርሜል እሳት ላይ ተጥዶ፣ ልብሳችንም ፀጉራችንም እሱን እሱን ይሸት ነበርና።

እናቴ ከጨንቻ ደጋ ቆላ ወርዳ ሲቀላ ከተማ የተዳረች ክር አቅላሚ ነበረች። በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ እናቴ ግን «መሃል ላይ ያለው ቀለም ባለቤት የለውም» ብላ፣ ማንጎው ሥር ስድስት ሴቶች ሰብስባ ማቅለም ታስተምር ነበር። የእኔ ሥራ ለቢጫው ቀለም የሚሆን የሽንኩርት ልጣጭ ከገበያ መሰብሰብ ነበር። ሻጮቹ ቆሻሻቸውን ጠርጌ ስወስድላቸው ይመርቁኝ ነበር፤ ሰው የሚጥለውን ተመርቆ መውሰድ፣ ከዚያ የተሻለ ንግድ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በበልግ ዝናብ ወቅት ክር ስለማይደርቅ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ተጠጋግተው ይፈትሉ ነበር፤ እናቴም በመካከላቸው እየዞረች፣ የቀጠነውን እየበጠሰች፣ የወፈረውን እየመለሰች ታስተምር ነበር። ከሁሉ ፈጣን እጅ የነበራት ከላንቴ የምትመጣው ዘነበች ነበረች። እጇ ሙዝ ሲቆረጥ በሚፈሰው ወተት ጠቁሮ የማይለቅ ስለነበር ሌሎቹ «አንቺ እኮ ሳትማሪ የተቀለምሽ ነሽ!» እያሉ ይስቁባት ነበር፤ እሷም «እናንተን በርሜሉ ውስጥ ቢከቷችሁም አትይዙም» ትላቸው ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ በርሜሉ ይጣዳል። የእናቴ ትልቁ ትምህርት አንድ ነበር፤ ቢጫ ክር የአባያን ውሃ እንዳይነካ። «የአባያ ውሃ ቀይ የሆነው ብረት ስላለው ነው፤ ብረት ቢጫውን ይገድለዋል» ትል ነበር። እኔን ደግሞ በአዞው ምክንያት ሐይቁ ዳር ዝር እንዳልል ከልክላኝ ነበር።

መስቀል ሲቃረብ፣ አዲስ አበባ ይሸምን የነበረው ታላቅ ወንድሟ መጣ። የአጎቴ ልጅ አዲስ ሙሽራ ነበር፤ እንደ ወጉ ለበዓሉ ገበያ ሲወጣ የሚለብሰውን ባለቀለም ሸማ፣ ዱንጉዛ፣ አጎቴ በእናቴ ክር ሊሸምን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ገባ። እሱ ከሸመነበት ሌሎቹ ሸማኔዎችም ክሯን ይቀበላሉ፤ እሱ ከናቀው ግን ሴቶቹ የተማሩት ትምህርት እዚያው ማንጎ ሥር ይቀራል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የቢጫው ተራ ሲደርስ የቧንቧ ውሃ ጠፋ። እናቴ ዘነበችን ጀሪካን አስይዛ ወደ ምንጩ ላከቻት፤ እኔን «ውሃው ሲመጣ ሦስቱን ቱባ እጠቢ» ብላኝ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ዘነበች ዘገየች። እኔ ደግሞ ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ስለነበር፣ ክሩን በዘንቢል ይዤ፣ ዓሣ አጥማጆች በሚወርዱበት መንገድ ሮጬ፣ አባያ ውስጥ ነክሬ፣ አጥቤ መለስኩት። ዘነበች ከምንጩ ስትደርስ ክሩ ታጥቦ ተሰጥቶ ነበር። እርጥብ ሳለ ምንም አይለይም ነበር። በማግስቱ ሲደርቅ ግን የከረመ ቅጠል መሰለ።

አጎቴ ቱባውን በጣቱ አገላብጦ ዘነበችን ተመለከተ።

«ውሃውን ከየት ነው የቀዳሽው?»

«ከምንጭ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ከምንጩ ሐይቁ ይቀርባል። ክሩም ይመሰክራል። ጥፋት የደበቀ ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ሸማ አይቀናም፤ ጎሜ ነው» አለ፤ በጋሞ ዘንድ ጎሜ ቤት ላይ መዓት የሚያመጣ ነውር ነው።

«እኛ ጌታን ነው የምናምነው፣ በጎሜ አናምንም» አለች እናቴ። ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዘነበች፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት።

ዘነበች እናቴን አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን፣ አጎቴ ከገበያ የገዛውን ክር ድሩ ላይ ሲዘረጋ አይቼ፣ እያለቀስኩ ለእናቴ ተናገርኩ። አልመታችኝም። ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጭታ በእጄ አስያዘችኝ፤ ጋሞ ዕርቅ ሲለምን የሚይዘውን። «ይሄ የጎሜ ነገር አይደል እንዴ?» ስላት፣ «ሣር ምን ኃጢአት አለበት፤ ቅደሚ» አለችኝ።

ላንቴ ስንደርስ ዘነበች ሙዝ እየቆረጠች ነበር። ተንበርክኬ ጥፋቴን ተናገርኩ።

«እግርሽ ላይ ቀይ ጭቃ አይቼ ነበር እኮ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አለች እናቴ።

«ልጅዎን በወንድምዎ ፊት ላዋርድብዎ? ራሷ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኋት።» ሣሩን ከእጄ ተቀበለች። «አንቺን ምሬሻለሁ፤ ልጅ ነሽ» አለችኝና ወደ እናቴ ዞረች። «እርስዎ ግን እትዬ፣ እጄን ይዘው አስተምረውኝ፣ እጄን አላመኑትም።»

ዘነበች ሙዝ አሸክማ ሸኘችን፤ ወደ ማንጎው ሥር ግን አልተመለሰችም። ለመስቀል ሙሽራው የገበያ ክር ለብሶ ወጣ። እስከ በጋ ከስድስቱ ሴቶች ሁለት ብቻ ቀሩ፤ እናቴም ለሁለቱ ልክ ለስድስት እንደምታስተምር ሆና ታስተምር ነበር።

አሁን ሲቀላ ውስጥ የፋብሪካ ክር እሸጣለሁ። ባለፈው ወር አንድ ሸማኔ ከእኔ የገዛውን፣ ቀለሙ የፈሰሰ ክር ይዞ መጣ። መጋዘኔ በክረምቱ እንዳፈሰሰ፣ ያ ክር እንደረጠበና አድርቄ መልሼ እንደደረደርኩት አውቃለሁ። «እንዴት አድርገህ ብታጥበው ነው?» አልኩት፣ ደንበኛ ፊት፣ በነጋዴ ድምፅ። ሰውዬው ክሩን አየ፣ እጁን አየ፣ ክሩን ጠቅልሎ ወጣ።

ልጅ ሳለሁ ጥፋቴን ለመናገር ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር። የሸማኔው ቤት ከሱቄ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ይኸው ወር አልፎኛል።