ወንድሜ የመለሳቸው ሁለት ቦታዎች

ወንድሜ ሦስት ደብዳቤ በኪሱ ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣው በፋሲካ ማግስት ነበር። ያን ጊዜ እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቻችን ከወረታ ወጣ ብሎ ወደ ርብ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ዳር እንኖር ነበር። ወንድሜ ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። እናታችን እሱን ስትወልድ አረፈች፤ አባታችንም ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው ተከተላት። ስለዚህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ከወረታ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ዩኒቨርሲቲው እየተሻገረ፣ በዚያ ዓመት ኬሚስትሪ የሚሉትን ትምህርት ሊጨርስ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር።

ደብዳቤዎቹ ሁለቱ ከአሜሪካ፣ አንዱ ከእንግሊዝ አገር ነበሩ። በመስከረም አመልክቶ፣ ሦስት መምህራን ስለ ዕውቀቱና ስለ ጠባዩ ጽፈው መስክረውለት፣ በጋውን ሲጠብቅ ከርሞ ሦስቱም ዩኒቨርሲቲዎች «ና፣ ለዶክትሬት እናስተምርሃለን፣ ቀለብህንም እንችላለን» አሉት።

ባለቤቴ ሳቀ። «ሦስት ቤት ሽማግሌ ልኮ ሦስቱም ቤት እሺ ያለው ወንድ ገና ዛሬ አየሁ። በል ቶሎ ቁረጥ፣ ልጃገረዶቹ ያረጁብሃል።»

ጎረቤታችን አሮጊትም ወሬውን ሰምተው መጡ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉልበታቸውን እያሳዩት «ዶክተር ልትሆን ነው አሉ፤ በል ይቺን ቀድመህ እያት» አሉት።

«የኔ የሕክምና አይደለም፣ እማማ። ነገር ከምን ከምን እንደተሠራ፣ ሲቀላቀልም ምን እንደሚሆን መመርመር ነው።»

«እሱንማ ጠላ ጠማቂ ሁሉ ያውቀዋል» ብለው ቅር እንዳላቸው ወጡ።

ሰው ሲቀል ደብዳቤዎቹን መደቡ ላይ ዘርግቶ በአማርኛ ነገረኝ። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ለዓይኔ የጉንዳን መንገድ ነበር። ከአሜሪካዎቹ አንደኛው ትልቅ ቤት ነው፤ መምህራኑ ብዙ ናቸው፣ ተማሪው ዓመት ቆይቶ የሚሠራበትን መምህር ይመርጣል። ሁለተኛው ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፣ ቀለቡን ግን ከሁሉም አብልጦ ይሰጣል። የእንግሊዙ አንድ መምህር ብቻ ነው። ከዕፅዋት ሥር የሚወጣ ማቅለሚያ ይመረምራል፤ ለወንድሜ በገዛ እጁ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎለታል። ልጁ ያንን ወረቀት ሲያነብ ድምፁ ይለወጥ ነበር።

«ከዚያ ቤት የተማረ ሰው ጠይቀሃል?» አልሁት። እኛ ልጅ ስንድር የአባትየውን በሬ ቆጥረን አንመለስም፤ በዚያ ቤት የኖረች ምራት፣ ያደረ ሎሌ ምን እንደሚሉ እናጠያይቃለን።

«የእንግሊዙ ዘንድ ለተማረ አንድ ሰው ጽፌያለሁ። መልሱ ገና ነው። ደብዳቤ እኮ ወር ይፈጃል፣ እታለም።»

«እስከዚያስ ለነዚህ ምን ብለሃቸዋል?»

ደብዳቤዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። «ለሦስቱም እመጣለሁ ብያቸዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

እንግዲህ ጎንደር አብሮት የተማረ አንድ ጓደኛ ነበረው፤ አንበሳሜ ከተማ የሚኖሩ ቄስ ልጅ። በወረታ ባለፉ ቁጥር እኔ ዘንድ በልተው ያድሩ ነበር። አሁንም ዩኒቨርሲቲ አብረው ናቸው። «እሱስ የት ገባ?» ስለው፣ ትልቁ የአሜሪካ ቤት «ሞልቷል፤ ከተጠሩት የሚቀር ሰው ካለ እንጠራሃለን» እንዳለው ነገረኝ። ሌላ ተስፋ የለውም።

ደሜ ፈላ። ለምን እንደፈላ ለመናገር ወደ ኋላ ልመለስ።

እኛ አገር፣ ፎገራ ላይ፣ ክረምት ሲወጣ የጣና ውሃ ይሸሻል። ከሥሩ የሚቀረውን እርጥብ መሬት ባሕር ሸሽ እንለዋለን፤ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። የማንም ርስት ስላልሆነ በየዓመቱ በዕጣ ይከፈላል፤ ዕጣ የደረሰው ሁሉ በድርሻው ላይ ችካል ይተክላል። ሕጉ ለአንድ ጭስ፣ ማለት ለአንድ ቤተሰብ፣ አንድ ዕጣ ነው። አባታችን በሞተ ዓመት ግን አጎታችን ለራሱ አንድ፣ በአንቀልባ ላለ ልጁ አንድ፣ በሟቹ በአባታችን ስም ደግሞ አንድ አወጣ። «እናንተ በኔ ጭስ ውስጥ ናችሁ» አለን። በማግስቱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሳለ ወንድሜን አዝዬ ሄድሁ፤ የአባቴን ችካል ነቅዬ አምጥቼ እግራቸው ሥር ጣልሁት። «ባዶ እጅ እያለ አንድ እጅ ሦስት ይይዛል?» አልኋቸው። እየሳቁም እየተቆጡም ፈረዱልኝ። ያደግነው በዚያ ጓያ ነው።

ስለዚህ ወንድሜን እንዲህ አልሁት፦ «ሁለቱን መልስ። በሦስት ቀን ውስጥ።»

«መሬት አይደለም እኮ፣ እታለም። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። እስከ ሰኔ ቢጠብቁ አይቀየሙም።»

«የአንበሳሜው ልጅስ? እሱም እስከ ሰኔ ይጠብቅ?»

«መልሱ ይምጣልኝና…»

«ሁሉም የሚያደርገውን አጎታችንም ያደርገው ነበር።»

ይህን ቃል ማለት አልነበረብኝም። ፊቱ ከሰል መሰለ። በሦስተኛው ቀን እንግሊዙን መረጠ፤ ለሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች «ቦታችሁን ለሌላ ስጡ» ብሎ እኔ ቤት ተቀምጦ ጻፈ። ወረታ ድረስ አብሬው ሄጄ፣ ደብዳቤ የሚቀበለው ነጋዴ እጅ መግባቱን በዓይኔ አየሁ። ስመለስ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

እንግሊዝ ከተማረው ሰው መልሱ የደረሰው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። «መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ነው የሚል ወሬ አለ። ከመቁረጥህ በፊት አጣራ» ይላል። ወንድሜ ይህን ለእኔ አልነገረኝም። ለመምህሩ ጽፎ መልሱን ጠበቀ። ተመርቆ እኔ ዘንድ ክረምቱን ሊያሳልፍ መጣ። ለእንግሊዝ ብርድ ብሎ የገዛውን ወፍራም ካፖርት ግድግዳው ላይ ሰቅሎት፣ ልጆቼ ገብተው ይደበቁበት ነበር።

ነሐሴ ላይ ርብ ሞልቶ ሜዳው ባሕር በሆነበት ሰሞን ደብዳቤው መጣ። መምህሩ ለቅቆ ሄዷል፤ ያንን ሥራ የሚያሠራ ሌላ ሰው የለም፤ ስለዚህ ቦታው ተሰርዟል። ወንድሜ ለሁለቱ የአሜሪካ ቤቶች ወዲያው ጻፈ፤ ነገር ግን ትልቁ ቤት ቦታውን ለማን እንደሰጠ ቀድመን አወቅን።

በዚያው ሳምንት የአንበሳሜው ልጅ ከእናቱ ጋር በጭነት መኪና ለስንብት መጣ። እናትየው ገና ከደጅ ጉልበቴ ላይ ተደፉ።

«ወንድምሽን አንቺ ነሽ ያስለቀቅሽው አሉኝ፤ ልጄን ሰው ያደረግሽው አንቺ ነሽ! ዘርሽ ይባረክ!»

«ይነሡ እሜቴ፣ እባክዎ ይነሡ» እላለሁ፤ አይነሡም። ወንድሜ ከውስጥ ሆኖ ሁሉን ይሰማል። ጓደኛው የሆነውን በመንገድ ሰምቷል መሰለኝ፣ ቀና ማለት አቃተው። ወንድሜ ካፖርቱን ከግድግዳ አውርዶ ወጣ።

«እንካ፣ ብርዱ ክፉ ነው አሉ» አለው።

«እኔ አልወስደውም።»

«እዚህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ላም ልጠብቅበት?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ተቃቅፈው ቆዩ። እናትየው ምርቃታቸውን አልጨረሱም ነበር።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ «ያልሁት ልክ ነበር» አልሁት። ለምን እንዳልሁት አላውቅም።

«ልክ መሆንሽን ማን ካደ? አንቺ ልክ ነሽ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ» አለኝ።

ያንን መልስ ስንት ዓመት አላመጥሁት። ባዶ እጅ እያለ ሦስት መያዝ ዛሬም ነውር ነው፤ ከዚህ አልመለስም። ጥፋቴ ሌላ ነው። የእኛ መሬት ችካል ከተተከለበት ወዴትም አይሄድም። የእንግሊዙ ቦታ ግን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያለ ቦታ ነበር፤ ሰውየው ሲሄድ አብሮት ሄደ። አምስት ሳምንት ብታገሥ ልጁ አጣርቶ ይመርጥ፣ ሁለቱንም ያኔ ይመልስ ነበር፤ ጓደኛውም አይጎዳም ነበር። ሦስት ቀን ያልሁት ለፍርድ አይደለም፤ እንደ ልጅነቴ ችካል ነቅሎ መጣል አምሮኝ ነው።

የትንሹ ከተማ ቤትም «ሞልቷል» ብሎ መለሰለት፤ ወንድሜ ደብረ ታቦር ሄዶ አስተማሪ ሆነ። ዛሬ ሁለቱም ዶክተሮች ናቸው፤ የእኔው ከጓደኛው በብዙ ዘግይቶ። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዓመት በዓል ብቻ ይመጣ ነበር፤ ስለ ልጆቼ ይጠይቃል፣ ስለ ራሱ ግን አያወራም።

በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ባለቤቴ እህል ሸጦ ከደብረ ታቦር ሲመለስ «ወንድምሽ እንደገና አመልክቶ ሁለት ቦታ ተጠርቷል» አለኝ። በማግስቱ መኪና ተሳፍሬ ወጣሁ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍሉ ተቀምጦ የተማሪ ፈተና ያርማል።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብነግርሽ ምን ትዪኝ ነበር?»

«አንዱን መልስ እልሃለሁ።»

«ጥሪው የደረሰኝ ሁለቱን ቤት አጣርቼ ከጨረስሁ በኋላ ነው። አንዱን በዚያው ቀን መልሻለሁ።»

«የትኛውን?»

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ወደ እርማቱ ተመለሰ። ጥያቄ ምላሴ ላይ ተደርድሮ ነበር፦ መምህሩ ማን ነው፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ አንተን ትቶ አይሄድም ወይ። ዋጥሁት። ከርቤና ኮሶ ጠጥቻለሁ፤ እንደዚያ የመረረኝ የለም።

አርሞ የጨረሳቸውን ወረቀቶች ወደ እኔ ገፋ አደረጋቸው። «ቁጥራቸው ከላይ አለ፣ በተራ አስቀምጪልኝ» አለኝ። መደቡ ላይ ተቀምጬ ከአንድ ጀምሬ ደረደርሁለት።