መኪናዋ የፈላችባቸው ሠላሳ አንድ ቦታዎች

በዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ናሙና ክፍል የሚሠሩትን ሰው ሁላችንም «ሹፌሩ» እንላቸዋለን፤ መሪ ከጨበጡ ግን ሃያ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። የመስክ መኪናዋ ስትሸጥ ሌላ አልተገዛም፤ እሳቸውም ወደ ምድር ቤቱ ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ከብልቃጦቹ የተነነውን አልኮል መተካት፣ የደበዘዙ የመለያ ወረቀቶችን በእርሳስ እንደገና መጻፍ፣ እንደ እኔ ያሉ ተማሪዎችም ክዳን አላልተው እንዳይሄዱ መቆጣጠር ሆነ።

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎናቸው ተቀምጬ አንዲት ትንሽ የሸምበቆ እንቁራሪት አጥንቻለሁ። አጥንቻለሁ ስል፣ በሕይወት ያለች አንዲትም አላየሁም። አንድ የቀድሞ መምህር ከመስክ ባመጧቸው ሠላሳ አንድ ብልቃጦች ላይ የተጻፉትን ቦታዎች ካርታ ላይ ሳሰፍር፣ እንቁራሪቷ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ብቻ እንደምትኖር ተገለጠልኝ። ከዘመዶቿ እንዲህ ከተነጠለች ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ብዬ ደመደምኩ። በድፍረት ስደመድም በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለማስነጠስ እንኳ የማስፈቅድ ሰው ነኝ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ለፈታኞች ላቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ካርታውን ለሹፌሩ አሳየኋቸው።

«ይቺን መንገድ አውቃታለሁ» አሉ ጎንበስ ብለው።

«መንገድ አይደለም ጋሼ፤ የሥርጭት ክልል ነው።»

«እሺ ፕሮፌሰር። እዚህ ጋ ግን ፈልታብኛለች።» ጣታቸውን ወደሚቀጥለው ነጥብ አሻገሩ። «እዚህም። እዚህማ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ፊቴን ሊልጠኝ ነበር።»

«ማን ናት የፈላችው?»

«መኪናዋ ናት እንጂ፣ እንቁራሪት ትፈላለች እንዴ! ራዲያተሯ ያፈስ ነበር። እኔ ጀሪካን ይዤ ውሃ ልቀዳ ረግረጉ ውስጥ ስወርድ፣ መምህሩ ሞተሩ እስኪበርድ እንቁራሪት ይለቅሙ ነበር።»

ሁለት ዓመት የደከምኩት ለካስ የአንዲት አሮጌ መኪና የሕመም ታሪክ ለመጻፍ ነው።

ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መምህሩ ካረፉ ቆዩ። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ደግሞ አልናገርብሽም፣ ልጄ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ቸርነት ለመቀበል ራሴን ሳባብል ከረምኩ። በመጨረሻ ግን ፈታኞቹ ፊት ሁሉንም ተናገርኩ። ሐቀኝነት አሸንፎኝ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን መዋሸትም ወኔ ይጠይቃል።

«ታዲያ እንቁራሪቷ የት የት ነው የምትኖረው?» አለ አንደኛው ፈታኝ ሳቁን እየዋጠ።

«አላውቅም» አልኩ። ከጽሑፌ ሁሉ በማስረጃ የተደገፈው ይኸው መልስ ነበር። አዲስ ዝርያ የሚለው ምዕራፍ ተሰረዘ፤ አንድ ዓመትም ተጨመረብኝ።

ለሹፌሩ ስነግራቸው የያዙትን ብልቃጥ ከደኑ።

«ከመንገዱ ወዲያ ዓይን የማይጨርሰው ረግረግ አለ። መምህሩን ‹ጌታዬ፣ እስቲ እንግባ› ስላቸው ‹በርዳለች፣ አስነሳ› ይሉኝ ነበር። እንደጓጓሁ ቀረሁ።» መሳቢያቸውን ከፍተው የዓመት ፈቃድ ቅጽ አወጡ። «ቦት ጫማ አለሽ?»

ስለ ረግረግ ሁለት መቶ ገጽ የጻፍኩት እኔ፣ አልነበረኝም።