የውሰት አፍንጫ

ጥቅምት 14 ቀን፣ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ የሞተሩን ብልጭታ የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢተሩ ክዳን በንጹሕ ጨርቅ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ክዳኑ ተጠርጎ ደርቆ ነበር፤ የቀረው በቦታው መልሶ መያዣዎቹን መጫን ብቻ ነው። ያን ግን ማንም አልሠራውም። መኪናው ተቃጠለ፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ ዐረፈ። «የማያውቀውን ነካክቶ ነው» የሚሉ ስላሉ ይህ አስቀድሞ ይነገር፦ የመኪናውን ሕመም በትክክል አግኝቶት ነበር።

ሰፈሩ የሚያውቀው «አፍንጫው» በሚል ስም ነው። ኮፈኑ ገና ሳይከፈት ጎንበስ ብሎ አየሩን ይስብና፣ «ቦቢናው ተቃጥሏል» ወይም «ሞተሩ ቤንዚን ጠጥቷል፣ ይረፍበት» ይላል። መሣሪያ የሚያወጣው ለባለ መኪናው ደስ እንዲለው ብቻ ነው ይባልለት ነበር። እሱም ስሙን እንደ ማዕረግ ይወደዋል።

ባለፈው ክረምት ከባድ ጉንፋን አልጋ ላይ ጣለው። ሳሉ ለቀቀው፣ ጉልበቱም ተመለሰ፤ ማሽተት ግን እንደሄደ ቀረ። ለማንም አልተነፈሰም።

ሚስቱ የደረሰችበት ወተት ያረረ ዕለት ነው። ድስቱ ከጀርባው ሲያር እሱ ጠረጴዛው ላይ ራዲዮ ፈታትቶ ይነካካል። እሷ ከጓሮ እየሮጠች ገባች።

«አንተ ሰውዬ! ቤቱን ልታነደው ነው?»

«ምነው፣ ምን ሆነ?» አለ ከልቡ ደንግጦ።

ትኩር ብላ አየችው። «እስቲ ዓይንህን ጨፍን» አለችና የተከተፈ ሽንኩርት አፍንጫው ሥር ያዘች። «ምንድን ነው?»

«ሎሚ መሰለኝ» አለ፤ እንባው በጉንጩ እየወረደ።

ሁለቱም ሳቁ። ቀድማ ሳቋን ያቆመችው እሷ ናት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? ነገ ቤንዚን ቢፈስ በምን ታውቃለህ?»

«በዓይኔ።»

«ዓይንህ ሞተር ሥር አይገባም።»

«ሰው ከሰማ አለቀልኝ፤ ገባሽ? አፍንጫ የሌለው አፍንጫው ዘንድ መኪናውን ይዞ የሚመጣ ማን ነው?»

በመጨረሻ መላ መቱ። ወንድሟ ከጋራዡ ጎን ጎማ ይጠግናል። አፍንጫው ብልጭታ በሞከረ ቁጥር፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት፣ ወንድሟ መጥቶ ሊያሸትለት ተስማሙ። ለሰው ፊት ሰበብ ያስፈልግ ነበርና፣ «አማቼ፣ የዐሥራ ሦስት መፍቻ አለህ?» ብሎ ይጣራል። ወንድሟ መፍቻ ይዞ ይመጣና ሞተሩ ላይ ጎንበስ ይላል። ደህና ከሆነ መፍቻውን ያቀብለዋል፤ ቤንዚን ከሸተተው እንደያዘው ይመለሳል።

«ጋሼ፣ አፍንጫዬን ስትጨርስ ጠርገህ መልስልኝ» ይለዋል።

«የአንተን አፍንጫ ማን ይሰርቅሃል? ሲነኩት ጎማ ጎማ ይላል።»

ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ጧት ጧት ከበር ላይ «መፍቻውን እንዳትረሳ» ትለዋለች። ከዚያም የሰፈሩ ውሻ ሲጮህ፣ ሰው ሮጦ ሲያልፍ፣ ወደ ጋራዡ አቅጣጫ አንገቷን ታሰግጋለች።

ያን ማክሰኞ ጡረታ የወጡት ዳኛ አሮጌ መኪናቸውን አስገፍተው መጡ። እርጥበት ባለበት ጧት ሁሉ አልነሣ ይላቸው ጀምሯል። ዳኛው ቀልደኛ ናቸው፤ ቀልዳቸውም ሰፈሩን ሳያዳርስ አይውልም። ከዚህ ቀደም መጥተው መፍቻ ሲበደር አይተውታል።

አፍንጫው ቁልፉን አስዞራቸው። ሞተሩ በጉልበት ይሽከረከራል እንጂ አይነሣም። «ባትሪው ጤነኛ ነው፤ እንግዲህ ብልጭታውን እንየው» አለ። አማቹን ጠራ፤ አማቹ መጥቶ አሸተተ፤ መፍቻውን አቀበለው። ከዲስትሪቢተሩ ክዳን የመካከሉን ገመድ ነቅሎ ጫፉን ወደ ሞተሩ ብረት አስጠግቶ አስሞከረ። ብልጭታው ብጫና ደካማ ነበር። ክዳኑን አውልቆ ከውስጥ ያለውን እርጥበት ጠረገ። ፑንቲናው፣ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጠው ትንሹ መነካኪያ፣ ጠቁሯል። በቀጭን ሞረድ አጠራው፤ ክፍተቱን ለካ።

የቀረው ሁለተኛው ሙከራ ነው። አማቹ ወደ ጎማው ተመልሷል።

«አማቼ፣ የዐሥራ ሦስት...»

«ይኸውልህ!» አሉ ዳኛው ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ መፍቻ ብድግ አድርገው። «እዚሁ ተኝቶልሃል! ያለ አማችህ አንድ ብሎን መፍታት አቃተህ እንዴ? ወይስ ብቻህን ስትሆን ትፈራለህ?»

በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ሳቁ። አፍንጫውም ሳቀ። መፍቻውን ከእጃቸው ተቀበለ። አሁን ምን ብሎ ይጥራ? ሌላ ሰበብ አላዘጋጀም ነበር። ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ፈለገ፤ ከፊቱ ያለው ሁሉ ደረቅ ነው። ከሞተሩ ጀርባ ግን ቤንዚን የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ በመጀመሪያው ሙከራ ሞተሩ ሲሽከረከር ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ከዚያ ጀምሮ ቤንዚኑ ወደ ታች ሲወርድ ቆይቷል። የሰዎቹ ዓይን ጀርባው ላይ ነው። ዳኛው ተመልሰው መሪው ዘንድ ሲቀመጡ ገመዱን ወደ ብረቱ አስጠጋ።

«ያዙሩት፣ ጌታዬ።»

ብልጭታው ሰማያዊ ሆኖ፣ ወፍሮ፣ እየጮኸ ዘለለ።

«ይኸው! ፑንቲናው ነበር!» አለ።

አማቹ ሽታው ከደጁ ደርሶት ጎማውን ጥሎ ይሮጥ ነበር። እሳቱ ቀደመው። ዳኛው ከመሪው ዘለው ወርደው ተረፉ፤ አፍንጫውን ጎትቶ ያወጣው አማቹ ነው።

የጨረሰው የመጨረሻ ጉዳይ የዚያኑ ዕለት ጧት ነው። ሚስቱ የወጥ ቤቱ ጋዝ ቱቦ እንዲለወጥላት ጠይቃው ነበር። ሱቅ ሲከፈት ሄዶ አዲስ አመጣ፤ ገጠመና ማሠሪያውን አጠበቀ። ሲሊንደሩን ሲከፍት አፍንጫውን ወደዚያ አላስጠጋም። ሳሙና በሳህን በጥብጦ መገጣጠሚያዎቹን በጨርቅ ቀባ፤ መነጽሩን አድርጎ፣ አረፋ ይነሣ እንደሆነ ተንበርክኮ ጠበቀ።

«አሁንስ አልበዛም? ሥራ ረፈደብህ» አለችው።

«ቆይ።»

አረፋ አልተነሣም። በሌላው ጎን ዞሮ እንደገና ቀባ፤ እንደገና ጠበቀ። ከዚያ ጠረገው፣ እጁን ታጠበና፣ «በይ ለኩሺ» አላት።