ሳይቀርብ የቀረው ቁልፍ

ታላቅ እህቴ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናት። አንድ ክፉ አመል አላት፤ እውነት ትናገራለች። ደንበኛ ፊት ቆማ «ይሄን ሽቦ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ብሆን ሽቦው አርጅቶ ነበር ብዬ እገላገል ነበር።

ስለ ቁልፍም ግትር ናት። የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጥሎ በሌላ ሲተካ፣ አዲሱ የመኪናውን ቁልፎች አያውቃቸውም፤ በማሽን አንድ በአንድ ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። በዕለቱ ያልቀረበ ቁልፍ በር ይከፍት እንደሆነ እንጂ ሞተር አያስነሳም። ስለዚህ ያሉት ቁልፎች በሙሉ ጠረጴዛዋ ላይ ካልተቀመጡ ሥራ አትጀምርም። አንዱን ቤት ረስቶ የመጣውን ባለመኪና ከነንጭንጩ ትመልሰዋለች።

ባለፈው ወር የቤታችን መኪና ኮምፒውተር ውሃ ገብቶት ተበላሸ። መኪናው የአባታችን ነው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በሹፌርነት የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ግን ዓይኑ ደክሟል። የጎረቤትን አጥር ሁለቴ ገጭቶ፣ ሁለቴም የረገመው አጥሩን ነው። ቀጥሎ መንገድ የምታቋርጥ ሕፃን ለጥቂት ተረፈች። እማዬና እኔ መኪናው ውስጥ ነበርን። ቤት ከገባን በኋላ ትንፍሽ ያለ የለም። አባዬን ደፍሮ «ከእንግዲህ አትንዳ» የሚል በቤታችን አልተፈጠረም።

እማዬ እኔን አስከትላ እህቴ ጋራዥ ድረስ ሄደች። «በሞቴ፣ የእሱን ቁልፍ ተይው» ብላ እህቴን ለመነቻት። «የእኔንና የወንድምሽን ብቻ አስተዋውቂ። ኮምፒውተሩ ሦስተኛ ቁልፍ አልቀበልም አለ እንለዋለን።»

እህቴ ሁለት ቀን መኪናውን ሳትነካ አቆየችው። በሦስተኛው ቀን ሁለቱን ቁልፎች ብቻ አስተዋውቃ መኪናውን ወደ ቤት አመጣችው።

በማግስቱ ጠዋት አባዬ ጓደኛውን ሊጠይቅ ለባብሶ ወጣና መኪናው ውስጥ ገባ። ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ አልነሳም፤ ቀይ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል።

«ኮምፒውተሩ ነው!» አለች እማዬ ከበረንዳው ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አባዬ እህቴን ጠራት። «ምን አበላሽተሽ ነው ያመጣሽልኝ?»

ከዚያ በፊት በሙያዋ ነቅፏት አያውቅም። እኔ በሆዴ «አንድ ቀን ብትዋሺ ምናለበት፣ አበላሸሁ በዪው» እያልኩ ነው።

እህቴ መኪናው ውስጥ ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። «አልተበላሸም አባዬ። ቁልፍህን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ዓይንህ አያይም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባዬ የማይሠራውን ቁልፍ ነቀለ። «ብትጠይቂኝ እምቢ እል ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ልጅቷን እኮ አላየኋትም። እናትሽ ስትጮህ ነው ፍሬን የያዝኩት። ከዚያ ወዲህ እየፈራሁ ነው የምነዳው።» ወደ በረንዳው፣ ወደ እኔና ወደ እማዬ ዞረ። «አንዳችሁ ትነግሩኛላችሁ ብዬ ስንት ቀን ጠበቅኩ። ልጅ ብገድል ኖሮስ?»

እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አፈርኩ፤ ፈሪ መሆኔን እንደዚያን ዕለት አውቄው አላውቅም። ማካካሻ ይሆነኛል ብዬ የራሴን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ወደ መኪናው ሮጥኩ።

አባዬ ወርዶ፣ የመኪናውን አካል በእጁ እየዳሰሰ ወደ ሌላው በር ዞረ። ቁልፉን ከእጄ ወስዶ ለእህቴ ሰጣትና «አንተ ቤት ቆይ» አለኝ። «እሷ ትንዳ።»